የእማዬ ውሃ

«የልጄን አንገት ፎቶው ላይ አየሁት ጥቁር ቆሻሻ ነው እድፉ ተጋግሯል ለመጠጥ ውሃ ብቻ ነው የሚሰጡኝ ትለኛለች ለመታጠቢያው ግን ውሃ አጣችሁላት እኔ እዚህ የሰው አንሶላ እያጠብኩ የምልክላትን ጁስ ቆልፋችሁባት ምን አጥፍታ ነው እንደ እስረኛ ውሃ የምትጠጣው»

ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ ወደ ቤቱ ስልክ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ። ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ። አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። አራት ነጥብ የሚባል ነገር መኖሩን ስለረሳሽው እኔም አላስቀመጥኩልሽም። ሰላምታ ሳላስቀድም የጀመርኩት አንቺም ሳታስቀድሚ ስለጀመርሽ ነው። አሁን ተካክለናልና ወደ ወጉ ልመለስ።

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፦ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ከአንሶላው ጋሪ ጋር ስትታገዪ የተቀጨው ወገብሽ ቀና አለልሽ? እጅሽ ላይ በሳሙናው ምክንያት የወጣው ሽፍታስ ጠፋ ወይስ አሁንም ስትተኚ ያሳክክሻል? ጓንት አድርጊ ብዬሽ ነበር፤ ስራ ያዘገይብኛል ብለሽ እንደምታወልቂው ግን አውቃለሁ። እንቅልፍ ይወስድሻል? በሰዓቱ ትበያለሽ ወይስ ቆመሽ ነው የምትጎርሺው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናታችን ደህና ናት፤ ጉልበቷ እንደ ልማዱ ነው፣ ዓይኗ ግን እየደከመ ሄዷል። ባለቤቴ ደህና ናት። እኔም ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

ልጅሽን ከደህናዎቹ መሃል ያልቆጠርኳት ሆን ብዬ ነው። የምጽፍልሽ ስለ እሷ ነው።

ያንን መልእክት መጀመሪያ ያነበብኩት እኔ አይደለሁም። ባለቤቴም አይደለችም። የእናታችን ዓይን ከደከመ ወዲህ ስልኩ በጮኸ ቁጥር የምታነብላት ልጅሽ ናት። ይህን አታውቂም ነበር፤ ስላላወቅሽ አልፈርድብሽም። የዚያን ቀን እናታችን በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች፣ እኔ እግሩ የላላ ወንበር አበጃለሁ። ነይማ፣ እናትሽ ምን እንዳለች አንብቢልኝ አለቻት። ልጅሽ ክፍል ፊት ቆማ የምታነብበትን ድምጿን አውጥታ ጀመረች። «የልጄን አንገት» ስትል ደስ ብሏት ወደ እኔ ዞር አለች። «ቆሻሻ ነው» የሚለው ላይ ስትደርስ ቶሎ ማቆም አልቻለችም፤ ማንበብ የለመደ ሰው መሃል ላይ አያቆምም መሰለኝ። «ተጋግሯል» እስከሚለው ድረስ ሄዳ ስልኩን ዝቅ አደረገች። እናታችን፣ ስለ ሌላ ልጅ ይሆናል እኮ የኔ እናት፣ አለቻት። ልጅሽ ደግሞ፣ አይ እማማ፣ ልጄን ነው የሚለው፣ ልጇ እኔ ነኝ፣ አለችና ስልኩን ምስሩ ላይ አስቀምጣ ገባች።

እኔን ብትሰድቢኝ ኖሮ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ምላስሽን ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ለምጄዋለሁም። ይህ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርሽና ፍርዱን ራስሽ ስጪ።

ነገሩ የተጀመረው ደረጃው ላይ ነው። እንደምታውቂው ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው። ልጅሽ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረጃው አጋማሽ ላይ ቁጭ እያለች የጫማዋን ክር ማሰር ጀመረች። አጎንብሳ፣ ረጅም ጊዜ ወስዳ። እኔም ቆሜ እጠብቃታለሁ። አንድ ቀን ልርዳሽ ብዬ ዝቅ ስል ጫማዋ ክር የለውም። በመጣበቂያ የሚዘጋ ጫማ ነው። ቀና ብዬ ሳያት ፊቷ በላብ ርሷል፣ ትንፋሿም ተቆራርጧል። ምንም አላልኳትም። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ እናታችንንም አስከትዬ ወደ ልጆች ሐኪም ወሰድኳት።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ለልጅ ክንድ የሚሆን ትንሽ የግፊት መለኪያ አምጥታ ለካቻት፤ አሳርፋ እንደገና ለካቻት፤ ሌላ ቀን ደግሞ ቁርስ ሳትበላ አምጧት ብላ ደሟን አስመረመረች። ውጤቱን ስትነግረን ቃላቷን እየመረጠች ነበር። ልጅቷ በሽተኛ አይደለችም፤ የደም ግፊቷ ግን ለዕድሜዋ ከፍ ብሏል፤ በደሟ ውስጥ ያለው ስኳር የስኳር በሽታ ከሚባልበት ባይደርስም ወደዚያው እየተጠጋ ነው፤ ስቡም በዝቷል፤ ልብና የደም ስር የሚጎዳው በሽምግልና ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ መንገዱ የሚጀመረው በዚህ ዕድሜ ነው፣ መመለስም የሚቀለው በዚህ ዕድሜ ነው፣ አለችን። የመጨረሻውን ነገር ድገሚልኝ አልኳት። ደገመችልኝ።

ከዚያ የልጅቷን ኮሌታ ገለጥ አድርጋ አንገቷን ከኋላ አየች። እናታችን ክው አለች። ትታጠባለች እኮ የኔ ልጅ፣ እናቴ ትሙት ትታጠባለች፣ እኔው ነኝ የማሻት፣ አልለቅ ብሎን ነው እንጂ፣ አለች። እውነቷን ነበር። አንቺ በፎቶ ያየሽውን ጥቁረት እኛ ካንቺ በፊት አይተነዋል። እናታችን በሳሙና ሞክራዋለች፣ በጨውና በሎሚ ሞክራዋለች፣ ልጅቷ እስክታለቅስ ድረስ በሻካራ ጨርቅ ፈትጋዋለች። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ የእናታችንን እጅ ያዘች። እማማ፣ ይሄ በሳሙና የሚለቅ አይደለም፣ ከእንግዲህ አያሹት፣ እድፍ ሳይሆን ቆዳው ራሱ ነው የጠቆረው፣ አለቻት። ሰውነት ስኳሩን ከደም ወደ ጡንቻ የሚያስገባበት ኢንሱሊን የሚባል ነገር አለው። ስኳሩ ያለ ፋታ ሲጎርፍና ክብደትም ሲጨምር ጡንቻው ኢንሱሊኑን እንደ ልቡ መስማት ይተዋል። ያን ጊዜ ሰውነት፣ አልሰማ ላለው ሰው ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ ሁሉ፣ ኢንሱሊኑን አብዝቶ አብዝቶ ያመርታል። ያ ብዛቱ ነው አንገትና ብብት ላይ ቆዳውን የሚያጠቁረው። ይህን ሁሉ ለእናታችን ነበር የምታስረዳት፤ እኔን ዞር ብላም አላየችኝ።

ምን ትጠጣለች ብላ ስትጠይቅ እናታችን ደረቷን ነፋች። ውሃማ የት ታውቃለች፣ እናቷ ከውጭ የምትልክላት ጁስ አለላት፣ ጠዋትም ማታም እሱን ነው፣ አለቻት። ሐኪሟ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ምግቧንም ሩጫዋንም ቀስ በቀስ እናየዋለን፣ መጀመሪያ የሚነሳው ግን ይሄ ነው፣ ጥማቷን በውሃ ትቁረጥ፣ አለች። ስንመለስ እናታችን የልጅቷን እጅ ይዛ ሄደች። በራችን ላይ ስንደርስ፣ ያን ሁሉ ቀን የፈተግኳት በከንቱ ነዋ፣ አለችና የልጅቷን አንገት ሳመችው።

አሁን ስለ ጁሱ ዱቄት ቆርቆሮ። ቆርቆሮውን የምትልኪልን ከልብስሽ መሃል ጠቅልለሽ ነው። ሻንጣው ሲከፈት ልጅሽ መጀመሪያ የምትልከው እጇን ሳይሆን አፍንጫዋን ነው። ዱቄቱን አይደለም የምታሸተው፤ ክዳኑን ከውጭ በኩል፣ የምትሠሪበት ሆቴል ሳሙና ሽታ የቀረበትን። እማዬ እማዬ ይላል ትላለች። ስሙንም ያወጣችለት እሷ ናት። በቤታችን ጁስ ተብሎ አያውቅም፤ የእማዬ ውሃ ነው የሚባለው። ለእንግዳ አይቀዳም። እኔ አንድ ጊዜ ስጎነጭ አይታኝ እስኪመሽ አኮረፈችኝ።

እናም እንዲህ ሆነ። የአንድ ብርጭቆ ልኩ ሁለት ማንኪያ ነበር። አንቺ ሳትደውዪ በቀረሽ ቀን እናታችን፣ ዛሬ ከፍቷታል ብላ አንድ ትጨምራለች። ባለቤቴም ይህን ሳታይ፣ እናቷ ናፍቃታለች ብላ አንድ ትጨምራለች። እኔ ደግሞ፣ ሲሚንቶ በግራም የምለካው ሰውዬ፣ የቤት ስራ ከብዷት ዓይኗ ሲሞላ ማንኪያዬን ይዤ እነሳለሁ። ቆርቆሮው ላይ የተሳለው ብርቱካን ነው፤ መነጽሬን አድርጌ ከስሩ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳነብ ግን የሚጀምረው በስኳር ነው። ናፍቆትሽን በማንኪያ እየለካን ስናጠጣት ኖርን። የማንም ክፋት የለበትም። ያንቺም የለበትም።

ቆልፋችሁባት ላልሽው፣ ቁልፍ የለም። የቁም ሳጥኑ በር እንደምታውቂው ከነጭራሹ አይገጥምም። ሐኪሟ፣ ልጅቷን ብቻ ለይታችሁ አትከልክሏት፣ ቤቱ በሙሉ ውሃ ይጠጣ፣ ስላለች ሁላችንም ገባንበት። እኔ በሻይዬ ውስጥ ስኳር ካቆምኩ ቆየሁ። ሻይ ያለ ስኳር ምን እንደሚመስል ልንገርሽ? ቅጠል የታጠበበት ውሃ ነው። ባለቤቴ ፊቴን እያየች ትስቃለች፤ ስንት ዓመት ስነግርህ አልሰማ ብለህ ለዚች ፍንጭት ተሸነፍክ ትለኛለች። ልጅሽ የፊት ጥርሷ እንደ ጥርስሽ ፍንጭት ሆኖ ነው የወጣው፤ ከዚያ ወዲህ በቤት ውስጥ ፍንጭት ሆናለች። በማሰሮ ቀዝቅዞ የሚቀመጠውን ውሃም ስም አወጣችለት፤ በእኔ ስም የጋሼ ውሃ አለችው። የእማዬ ውሃ ይስቃል፣ የጋሼ ውሃ ግን እንደ ጋሼ ኮስተር ያለ ነው፣ ምንም ምንም አይልም፣ ስትል እናታችን በሳቅ ልትወድቅ ነበር። እንዲያም ሆኖ ጠጣችው። መጀመሪያ አፍንጫዋን ይዛ፣ በኋላ እያጉረመረመች፣ ቀጥሎ ደግሞ ሳታስበው።

የቤቱን ስናስተካክል የትምህርት ቤቱ ቀረን። እዚያ አትጠጣም። ለምን ስላት፣ ሚስማር ሚስማር ይላል አለችኝ። ልጆቹ ሁሉ ስለማይጠጡት በር ላይ ካለው ሱቅ በፌስታል የሚሸጥ ባለ ቀለም ጣፋጭ ውሃ ነው የሚገዙት። ሄድኩ። ስራዬን ታውቂዋለሽ፤ ለሕንጻ የሚሆን አሸዋ፣ ሲሚንቶና ውሃ እመረምራለሁ። የማይጠጣ ውሃ ኮንክሪት እንዲቦካበት አልፈቅድም፤ ቦቴ ሙሉ መልሼ አውቃለሁ። መሰላል አስመጥቼ ጣሪያው ላይ ወዳለው ታንከር ወጣሁ። ክዳን የለውም። የእርግብ ላባ ተንሳፍፎበታል፣ ግድግዳው ዝጓል። ከላይ ሆኜ ዳይሬክተሩን፣ ይህን ውሃ እኔ ለምሰሶ አልፈቅደውም፣ እርስዎ ለልጅ ይፈቅዳሉ፣ አልኩት። ኧረ ጋሼ መጀመሪያ ይውረዱ፣ ቢወድቁ ደግሞ በኛ ነው የሚመካኘው፣ አለኝ። ወረድኩ፤ ግን አልተውኩትም። ባየኝ ቁጥር መንገድ መቀየር ጀምሮ ነበር። በመጨረሻ ታንከሩ ተቀየረ፣ ክዳን ገባለት፣ የመጠጥ ቧንቧውም ከመጸዳጃው ራቅ ብሎ ተተከለ። ወላጅ ሁሉ እንደርስዎ ቢሆን ጡረታችን በደረሰ ነበር አለኝ። እንደ ምስጋና ወስጄዋለሁ።

ለውጡ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። በመጀመሪያ ደረጃው ላይ የምትቀመጥበት ቦታ ከፍ አለ። ቀጥሎ መቀመጡ ቀረ፣ መቆም ብቻ ሆነ። አንድ ቀን እኔ የገበያ ዘንቢል ተሸክሜ ከኋላዋ ሳለከልክ እሷ ቀድማኝ ወጥታ ከላይ አዘንብላ፣ ጋሼ፣ ክር እያሰርክ ነው እንዴ? አለችኝ። ለካ ያን ቀን ማየቴን ታውቅ ኖሯል። እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ። ሐኪሟም በቀጠሮው ለክታት፣ ግፊቷ ወርዷል፣ ገና ነው ግን ወርዷል፣ አንገቷ የሚለቀው መጨረሻ ላይ ስለሆነ እሱን አትጠብቁት፣ አለችን።

በስልክ፣ ውሃ ብቻ ነው የምጠጣው ያለችሽ በዚያ ሰሞን ነው። ሮሮ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል። ያ ጉራ ነበር። አጠገቧ ቆሜ ሰምቻታለሁ፤ ደረቷን እንደ አያቷ ነፍታ ነው የነገረችሽ። ፎቶውንም ያስነሳችው ራሷ ናት። ደረጃውን ሳታርፍ ስትወጣ እናቷ እንድታይላት ብላ ባለቤቴን ከኋላዋ አስከተለቻት። ከኋላ የተነሳችው ለዚህ ነው። አንቺ ግን ደረጃውን አላየሽውም። አንገቷን አየሽ።

መልእክቱን ባነበበች በሁለተኛው ቀን ከስራ ስገባ መታጠቢያ ቤት ውሃ ይፈሳል። ልጅሽን እናታችን ተረከዟን በምትፍቅበት ድንጋይ አንገቷን ስትፈትግ አገኘኋት። ቆዳው ተልጦ ደም አቅርሯል። ምን እያደረግሽ ነው ስላት፣ ለእማዬ ሌላ ፎቶ ከመላካችን በፊት እንዲለቅ ብዬ ነው፣ አለችኝ። ድንጋዩን ከእጇ ወስጄ ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቤ አንገቷ ላይ አኖርኩላት። ደሙ እስኪደርቅ ድረስ ገንዳው ጠርዝ ላይ አብረን ተቀመጥን።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ሙቀት አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ ነው የምትውለው። የመልእክቱን ቀሪ በኋላ ለብቻዋ አንብባው ኖሮ፣ ያልተከፈተውን ቆርቆሮ በማንኪያ እጀታ ፈልቅቃ ከፈተችና ፊት ለፊቴ በጠበጠችው። እማዬ ናት ጠጪ ያለችኝ አለች። ምን ልበላት? እናትሽን አትስሚ የሚል አፍ የለኝም፤ ቢኖረኝም አልለውም። ሐኪሟ እድፍ አይደለም ብላሽ የለም ወይ ብዬ ስለምናት የመለሰችልኝን ስሚ። ሐኪሟ ሐኪም ናት፣ እማዬ ግን ልብስ አጣቢ ናት፣ እድፍ የምታውቀው እሷ ናት፣ አለችኝ።

በዚህ ልትከራከሪኝ አትችዪም። ከእኔ ዲግሪ፣ ከሐኪሟ መሣሪያ፣ ከአያቷ መሐላ ያንቺ አንድ ቃል ይበልጣል። ትናንት ደግሞ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ክር ግን አላሰረችም፤ ማስመሰሉንም ትታዋለች።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ልቆጣሽ ነበር። ልጅሽ የማታነበው እንዲሆን በስልክ ሳይሆን በወረቀት ጻፍኩ፤ ወረቀት ደግሞ ሰውን ያረጋጋል መሰለኝ። ያቺን እሑድ ምን እንደተሰማሽ አውቃለሁ። የማታውቂያቸው ሰዎች የተኙበትን አንሶላ ነጭ አድርገሽ ስታጥፊ ውለሽ፣ አረፍ ስትዪ የገዛ ልጅሽን አንገት ጠቁሮ አየሽው። እኔ ብሆን ከዚያ የባሰ እጽፍ ነበር። ቆርቆሮውንም ለምን እንደምትልኪው አውቃለሁ። ጉንጯን መሳም ስላልቻልሽ ጉሮሮዋ ውስጥ የሚገባ ነገር ላክሽላት። ግን እህቴ፣ በአንቺ እጅ ስንት ጨርቅ አልፏል፤ እድፍና ቀለም ትለያለሽ። ከክሩ ጋር የመጣ ቀለም ሲፈተግ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ጨርቁ ይቀደዳል እንጂ ቀለሙ አይለቅም። ይህን ለልጅሽ ሊነግራት የሚችል ሌላ ሰው የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ። ባለፈው ከስራ ቦታሽ በላክሽው ቪዲዮ፣ ከአንሶላ መተኮሻው ማሽን አጠገብ፣ መሬት ላይ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቆሟል። እንፋሎቱ መሃል ስትሠሪ እየደጋገምሽ ታነሺዋለሽ። ደጋግሜ አየሁት፤ ቀለም የለውም። ውሃ ነው፣ አይደለም? ጥማትሽን ቀኑን ሙሉ የምትቆርጪው በእሱ ነው። እንግዲያው የእማዬ ውሃ የትኛው ነው? ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን አንቺ ቀምሰሽው እንኳ የምታውቂ አይመስለኝም። ይህንን ጻፊላት። ምን እንደምትጠጪ፣ በምን እንደምትጠጪ፣ ሲሞቅብሽ እንዴት እንደምትሞዪው ጻፊላት። ስለ አንገቷም አንሺላት፤ እንዳላየሽ ሆነሽ አትለፊው። ምክር አታብዢ፤ ምክሩን እኔ በቂ አድርጌ ሰጥቻታለሁ፣ ሰልችቷታልም።

እናታችን ስማሻለች፤ የልጅሽን አንገት በከንቱ ስለፈተገች እስካሁን ከራሷ ጋር አልታረቀችምና ስትደውዪ ስለዚህ ነገር አታንሺባት፤ ጉልበትሽ እንዴት ነው ብቻ በያት። ባለቤቴ በጣም ትናፍቂኛለሽ ትልሻለች፤ ለእጅሽ የሚሆን ቅባት ገዝታ አስቀምጣለች፣ ሰው ስናገኝ እንልካለን። ፍንጭት ይህ ደብዳቤ መጻፉን አታውቅም፤ ብታውቅ ኖሮ ግርጌው ላይ የምታውቂውን ባለ ረጅም እግር ሰው ትስልልሽ ነበር። እኔም አንገትሽን አቅፌ ስሜሻለሁ፤ በቁጣዬ ላይ ቁጣ አትጨምሪበት።

ልጅቷ ሐኪም ዘንድ የምትቀርበው መጋቢት ሃያ አምስት ቀን ነው። ያቺ አብራሽ የምትሠራው የሠፈራችን ልጅ ለእረፍት የምትመጣው ከዚያ ቀደም ብሎ እንደሆነ እናቷ ነግራኛለች። ስለዚህ መልስሽን በእጅሽ ጽፈሽ፣ በስልክ ሳይሆን በወረቀት፣ ቢዘገይ እስከ መጋቢት ሃያ ቀን እንዲደርሰን አድርጊ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሰበብ አልቀበልም። ለእኔ አይደለም የምትጽፊው፤ ለእሷ ነው፤ ላዩ ላይ የእሷን ስም ጻፊበት፣ እኔ አልከፍተውም። በቆርቆሮው ቦታ እሱን ላኪ። ከልብስሽም መሃል አድርጊው፤ ከማንበቧ በፊት ታሸተዋለችና።

ታላቅ ወንድምሽ

ከቤታችን፣ ከበረንዳው
የካቲት ዘጠኝ ቀን